አራት ብሎን

ጥቅምት 5

ዛሬም ስብሰባ። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አዲስ አባዜ ይዞታል፤ ተማሪዎች "ከእውነተኛ ችግር" ይማሩ ይላል። ችግሩንም መርጦ ጨርሷል፦ ለገጠር ጤና ጣቢያ ደም የሚያደርስ ድሮን። የደሙ ሣጥን የኔ ክፍል ድርሻ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ታዲያ የውሸት ችግር ነበር?

ጥቅምት 19

ጭራሽ አዋላጅ ነርስ አመጡብኝ። "የችግሩ ባለቤት" ትባላለች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትጽፋለች። ስለ ንዝረት ሳስረዳ አዛጋች... አይቻታለሁ።

ኅዳር 8

ሣጥኖቹን አረምኩ። ክዳኑ በአራት ብሎን ይታሰር ብዬ ነበር፤ ድሮኑ ሲንቀጠቀጥ እንዳይከፈት። ሁሉም እንዳልኩት ሠሩ። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ብቻ ብሎኑን ጥላ ተስቦ የሚከፈት ማሰሪያ አድርጋለች። ወረቀቷ ላይ በቀይ ጻፍኩላት፦ "ይህ የገበያ ዘንቢል እንጂ ምህንድስና አይደለም።" ኤፍ።

ኃላፊው፣ "ልጅቷ ማስጠንቀቂያ ላይ ናት፤ በዚህ ትባረራለች" አለኝ። ትባረር። መስማት ማን ከለከላት?

ኅዳር 15

የሙከራ ቀን። ድሮኑ ሣጥኔን ይዞ በረረ፣ አረፈ። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ደረቴን ነፋሁ።

አዋላጇ ተነሳች። አንዱን ተማሪ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችና ግራ እጄን ይዛ ሆዱ ላይ አስጫነችኝ።

"ወላድ ናት፤ እየደማች ነው። እጅዎን ካነሱ ትሞታለች። በሉ ደሙን ከሣጥኑ ያውጡ።"

"መፍቻውን የሚያቀብለኝ..."

"እኔ ጋ ያለችው ነርስ አንድ ናት። እሷም እኔ ነኝ።"

በቀኜ ታገልኩ። ሁለተኛው ብሎን አምልጦኝ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ተማሪው ሆዱን ስጫነው ይስቅ ነበር፤ በኋላ እሱም ቀና ብሎ ብሎኖቹን ማየት ጀመረ። ሰዓቷን አየች።

"አራት ደቂቃ። በቃ፣ እጅዎን ያንሱ።"

ኅዳር 16

ጠላኋት። በተማሪዎቼ ፊት! መጀመሪያውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

...አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ኅዳር 22

የዝምተኛዋን "ዘንቢል" ከቁምሳጥን አውጥቼ የንዝረት ማሽኑ ላይ አሰርኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ። ማን ይሙት፣ እንዲከፈት ተመኘሁ። አልተከፈተም።

ከዚያ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ማሰሪያውን ሳብኩት። ሦስት ሰከንድ።

ኅዳር 25

ውጤት ማስቀየሪያ ቅጽ ሞላሁ። "ምክንያት" የሚለው ላይ፣ "የመምህሩ ስህተት" ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊው ፊቱን አጨማደደ። "የድመራ ስህተት በለው፤ ላንተም ይሻልሃል።"

"እንዳለ ፈርምበት።"

ፈረመ። ልጅቷ ትምህርቷን ትቀጥላለች።

ዝምተኛዋን አስጠራሁ። አዲሱን ውጤት ነገርኳት። ቀይ የተጻፈበትን ወረቀት ልቀድደው ስል እጄን ያዘችኝ።

"እሱን ለኔ ይስጡኝ፣ መምህር።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ምናልባት አስተማሪ ከሆንኩ... እንዳልረሳው።"

ተናደድኩ። ሰጠኋት።