የቀይዋ ጎልፍ ባለቤት የአቶ መኳንንት ገረሱ የሕይወት ታሪክ

አቶ መኳንንት ገረሱ ከአባታቸው ከአቶ ገረሱ ወልደ አማኑኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ ሁንዴ በግንቦት ወር 1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ስለነበሩ ገና በልጅነታቸው የሞተር ድምፅ ሰምተው የትኛው አውቶቡስ እንደመጣ ይለዩ ነበር። ትምህርታቸውን እዚያው ኮልፌ አጠናቀው በአውቶ መካኒክነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1985 ዓ.ም. በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ጋራዥ በፍሬን ክፍል ተቀጠሩ።

በዚያ ክፍል ዐሥራ አራት ዓመት አገለገሉ። ሥራቸው ያለቀውን የፍሬን ሸራ እየፈቱ በአዲስ መተካትና በውስጡ የተጠራቀመውን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር እየነፉ ማጽዳት ነበር። አቧራው ክፍሉን ሞልቶ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር። ማንም ግን ክፉ ነገር አልጠረጠረበትም። ሲስቁም፣ ሲበሉም እዚያው ነበሩ።

በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋገነት ሰይፈሥላሴ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሜሪ እና ኪዳን የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የፍሬን ክፍል ባልደረባቸው ከነበሩት ከአቶ ጃለታ ጋር በቀራንዮ መንገድ ዳር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ፍሬን ያስቸገረው ሁሉ ከአስኮም ከሌላም ሰፈር እየጠየቀ ይመጣላቸው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ባለ ሁለት በር ቀይ ጎልፍ ገዙ። መኪናዋ ፈጣን ነበረች፤ ግን ተገልብጣ ባለቤቷ ሞቶባት፣ ጣሪያዋ ተጨፍልቆ ለዓመታት የቆመች ናት። በጭነት መኪና ተጭና ግቢ ስትገባ እናታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ በር ላይ ቆመው አይዋት።

«ልጄ፣ ደም የለመደች ናት። ከደጅህ መልሳት» አሏቸው።

አቶ መኳንንት የእናታቸውን ቃል አልፈው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ግን «እማዬ፣ ሰውየውን የገደለው ያለቀ ፍሬን ነው። እሱ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው» ሲሉ መለሱ። እናታቸው በማግስቱ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጠበል አምጥተው መኪናዋን ረጯት።

ጣሪያዋን ቆርጠው በአዲስ ላሜራ ተኩ። ብትገለበጥ እንኳ ሰው እንዳትጨፈልቅ በውስጧ የብረት ቱቦ አጥር በየዱላት። ሞላዎቿን ዝቅና ጠንከር ባሉ ቀየሩ፤ ለሞተሩ አየር የሚገፋውን ቱርቦ ተለቅ ባለ ተኩ፤ ከሁሉ በፊት ግን ፍሬኗን አሳደጉ። በአዘቦት ቀን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ በውድድር ቀን ጎማዋና የፍሬን ሸራዋ ተቀይሮ ሱሉልታ አካባቢ ለውድድር በተዘጋ መንገድ ትሮጣለች። የውድድር ሸራ ካልጋለ በደንብ አይዝም። ስለዚህ አቶ መኳንንት ከውድድር በተመለሱ ቁጥር እሱን ፈትተው የመንገዱን ሳይገጥሙ ወደ እራት አይቀርቡም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ልጃቸው ሜሪ «አባዬ፣ የሚቀጥለውን ውድድር እኔ ልንዳ» አለቻቸው።

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«ራስህ የሠራሃትን መኪና አታምናትም ማለት ነው?»

አቶ መኳንንት የያዙትን መፍቻ ጠርገው አስቀመጡ። ከዚያ «እሷን አምናታለሁ። አንቺን የሚተካልኝ ግን የለም» አሏት። ወይዘሮ ሸዋገነት እንደሚያስታውሱት አቶ መኳንንት ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ግን ባዶ ሜዳ ወስደው ከሁሉ አስቀድመው መቆምን አስተማሯት። በዝናብ፣ በጠጠር፣ በቁልቁለት ታቆማለች። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ውድድሯን በሁለተኛነት ስትጨርስ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሳቸው ብቻ ጎማ ሥር ተንበርክከው ፍሬኗን ይመረምሩ ነበር።

ሳልም በዚያው ዓመት ጀመራቸው። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ብርድ ነው ተባለ። ዳገት ሲወጡ ሰው እንዳያውቅባቸው ሱቅ የሚያዩ መስለው ይቆሙ ነበር።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሜሪ አንደኛ ወጣች። ማታ ቤት እንደገቡ አቶ መኳንንት እንደ ልማዳቸው ሸራውን ሊፈቱ ወጡ፤ ትንፋሻቸው ግን እምቢ አላቸው። የአንዱን ጎማ ብሎን እንኳ ማላላት አልቻሉም። «ጠዋት እጨርሰዋለሁ» ብለው ለማንም ሳይናገሩ ተኙ።

ጠዋት ካፊያ ነበር። አባቷ ረፍዶም ስላልተነሡ ሜሪ ቁልፉን አንሥታ ወንድሟን ኪዳንን ፈተና ልታደርስ ወጣች። ወደ 18 ማዞሪያ ሲወርዱ ፊታቸው የነበረው ሚኒባስ ፌርማታው ላይ ቆመ። ሜሪ ፍሬን ረገጠች፤ የቀዘቀዘው ሸራ አልያዘም። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ተበታተነ። እሷም ማርሹን ቀንሳ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ መሪውን ከሰው አርቃ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨች። የብረቱ አጥር አዳናቸው። ኪዳን ክንዱ ተሰበረ።

አቶ መኳንንት ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ ሲደርሱ ግን ቆመው መናገር አልቻሉም። አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ረግጫት ነበር። አልያዘችም» አለች ሜሪ።

«አውቃለሁ። የእኔ ነው እንጂ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሏት። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ኪዳንን የወሰደው መኪና እሳቸውንም አብሮ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሐኪሙ የደረታቸውን ራጅ ደጋግሞ ካየ በኋላ ከብዙ ዓመት በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቃቸው። ስለ ፍሬን ክፍሉ ነገሩት። በቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር እንደነበር፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ቆይቶ እንደሚነሣ አስረዳቸው። ቀጥሎም «የሥራ ልብስዎን ማን ነበር የሚያጥበው?» አላቸው።

አቶ መኳንንት በሩ አጠገብ ወደ ቆሙት ባለቤታቸው ዞረው ተመለከቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ አቧራ በአየር መንፋት ቀርቶ በውኃ ማጠብ ሆነ። የቀድሞ ባልደረቦቻቸውን እንዲታከሙ ሊነግሩ በየቤታቸው ሄዱ። አንዳንዶቹን አገኙ፤ በሌሎቹ ቤት ግን በሩን የከፈቱላቸው ጥቁር የለበሱ ሚስቶች ነበሩ። «በምን ሞተ?» ሲሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ሲያስለው ነው የከረመው።»

ጎልፏን ከወንበር ላይ ሆነው እያዘዙ በሜሪ እጅ ጠገኗት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሜሪ ስትወዳደር ኦክስጅናቸውን ከጎናቸው አድርገው ከዳር ተመለከቱ። ስትመለስ ስንተኛ እንደወጣች አልጠየቋትም።

«ያዘ?» አሏት።

«ያዘ፣ አባዬ።»

አቶ መኳንንት ገረሱ በጽኑ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ51 ዓመታቸው በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። እናታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ልጆቻቸው ሜሪና ኪዳን፣ ወዳጃቸው አቶ ጃለታም በብርቱ ኀዘን ላይ ናቸው።

በፍሬን ክፍል አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ደረታቸውን እንዲታዩ፣ ይህም በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ሟች አደራ ብለዋል። አቶ ጃለታ ቀጠሮ ይዘዋል። የሥራ ልብሳቸውን ያጥቡ የነበሩት ወይዘሮ ሸዋገነትም ተመርምረው ውጤት በመጠባበቅ ላይ ስለሆኑ በጸሎታችሁ አስቧቸው።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የቀሩትንም ይጠብቅልን።