ደባል ብለህ ያስመዘገብከኝ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔም ንዴት ካልገደለኝ አለሁ።

ለሚፈርሰው ሰፈራችን ምትክ ይሆናል ተብሎ ያ ሁሉ የተለፈፈለት ፎቅ አለቀ። ሪባን ሲቆረጥ ከንቲባው ከሰፈራችን ቤት ያላገኘ አንድም አባወራ የለም አሉ፤ ተጨበጨበ። እውነታቸውን ነው። እኔ አባወራም እማወራም አይደለሁማ። ሰው ጓዳ ጥግ ተለቆለት የሚኖር ደባል ነኝ።

መዝጋቢዎቹ የመጡ ቀን እኔ ላውንደሪ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እማዬን ልትጠይቅ መጥተህ ቤት ያገኙት አንተን ነው። ከእናትህ ጋር የምትኖረው ማን ናት ሲሉህ፣ አፍህን ሞልተህ «ደባል» አልክ። ኋላ በስልክ ስጠይቅህ፣ ለደባል ለብቻው ቤት ይሰጣል ሲባል ሰምተህ ሁለት ቁልፍ ልታስገኝልን እንደሆነ ነገርከኝ። አመንኩህ፤ በብልጠትህ ሳቅሁ እንኳ። ለደባል የሚሰጥ ነገር ግን የለም። ለእማዬ የደረሳት ብቻውን ለሚኖር ሰው የተሠራው ጠባቡ ክፍል ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ገና ሳይገጠም። ምድር ላይ ያሉት ሰፋፊዎቹ ለቤተሰብ ናቸው። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ ማደር አይችልም። ሌሊት ሽንት ቤት ማን ደግፎ ይውሰዳት? ከንቲባው?

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ያስመዘገበሽ ሰው መጥቶ ያስተካክል አሉኝ። ያንተ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጥተህ «ተሳስቼ ነው፣ እህቴ ናት» ብለህ መፈረም። ምን አልከኝ? «ለመንግሥት ልዋሽ እንዴ?»

ውሸቱ የቱ ጋ ነው፣ ወንድሜ? አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግነው ነው? ኩፍኝ ይዞህ አትጠጊው ሲሉኝ ጎንህ ተኝቼ የተጋባብኝ ነው? ወይስ እህቴን ነክቷል ብለህ ተደባድበህ ጥርስህ የወለቀው? ያኔ ማን ማስረጃ ጠየቀህ? እማዬ የልደት ወረቀቴ ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ ትለኝ ነበር። ያንተው እንዴት እንደተረፈ ጠይቄ አላውቅም። አሁንም አልጠይቃትም። አንተን ግን አንጀቴ አርሮብሃል፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ፣ ያውም በችኮላ አይነገርም።

ትናንት እማዬን አዝዬ ቢሮ ወሰድኳት። ሹሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ዝቅ ብሎ ይህችን ልጅ የወለዷት እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃት። እማዬ ትንሽ አሰበች። «ሁለት ልጆች አሉኝ» አለችው፣ «የወለድኩት የትኛቸውን እንደሆነ ግን ረስቻለሁ።» ሰውየው ስቆ ጭንቅላቱን አከከ። ምስክር ካልመጣ ምንም ላደርግ አልችልም አለ። እሷም ቁልፉን አልወስድም ብላ ተነሳች።

ሰኞ ዶዘሩ ሰፈር ይገባል። ስንመለስ ጀርባዬ ላይ ሆና፣ ወንድምሽ ምን አለ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። እህቴ ናት ብሎ ሊመሰክር እየመጣ ነው አልኳት። እፎይ ብላ አንገቴ ላይ ተኛች።

ለእናቴ ዋሽቻለሁ። እውነት ልታደርገው የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ቤትህን አያጥብብህ።

እህትህ