«እናቴ ራሷ ነች የምታጸዳው»

ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ማርች 19 ቀን 2019

ለልጄ ለራስል፣

እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰላምታውን መጨረሻ ላይ፣ ንዴቴ ከበረደ እጽፍልሃለሁ። ስልክህ ላይ ስድስት ጊዜ ደውዬ ስድስቱንም ጊዜ ያነጋገረችኝ ያቺ «መልእክት ያስቀምጡ» የምትል ማሽን ናት። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ፖስታውን ባትከፍተው እንኳ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጦ ያይሃል።

ለምን እንደተናደድኩ ታውቃለህ። ከመርከቡ ከወረድን ዛሬ አሥረኛ ቀናችን ነው። «እቤት ስንደርስ እጽፍላቸዋለሁ» ያልከኝን ወረቀት አልጻፍክም። እንዳልጻፍክ በምን አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። ሮሜል መልእክት ልኮልኛል። ሮሜል፣ የሁለቱንም ክፍሎቻችንን አልጋ ሲያነጥፍ፣ ፎጣ ሲቀይር የሰነበተው ሰውዬ። አንተ ሳምንቱን ሙሉ ስሙን ሳትጠራው፣ «ሰውዬው» እያልከው ከረምክ፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፎ ነበር። እስከ ትናንት ድረስ ለመርከብ ድርጅቱ ከአንተ ምንም ወረቀት እንዳልደረሰ አለቃው ነግሮታል። የሥራ ውሉ የሚያልቀው አፕሪል ስድስት ነው። ያ በእሱ ላይ የጻፍከው አቤቱታ እስካልተነሳ ድረስ ለሚቀጥለው ጉዞ አይጠሩትም። አሥራ አንድ ዓመት መርከብ ላይ የሠራ ሰው፣ አንተ በሁለት መስመር በጻፍከው ውሸት አገሩ ኢሎይሎ፣ እቤቱ ገብቶ ሊቀመጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ አለዚያ እየተሳደብኩ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

ሰባ ዓመት ሲሞላኝ በመርከብ ላንሸራሽርሽ ብለህ ስትደውልልኝ፣ ስለ ዋጋው ጠይቄህ ነበር። አልጠየቅሽኝም እንዳትለኝ። «እማዬ፣ ሁሉም ነገር ተከፍሏል፤ አንቺ ካርድሽን እያሳየሽ መደሰት ብቻ ነው» አልከኝ። እኔ ደግሞ ልጄ ሁሉም ነገር ተከፍሏል ካለኝ፣ ተከፍሏል ብዬ ነው የማምነው። ያቺን ሰማያዊ ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሳሳይ ከረምኩ። ለልጆቹ ያንን ጃንጥላ የተሰካበት በረዶ የሞላው መጠጥ አዘዝኩላቸው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ደረጃው ላይ ፎቶ ተነሱ ሲሉን ተነሳን፣ ውሰዱ ሲሉን ሁሉንም ወሰድኩ። ቢንጎ ተጫወትኩ። እግሬን ለአንድ ሰዓት አሳሸሁ። አንዱም የተከፈለ እንዳልነበረ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሌላ አሥራ ስምንት በመቶ እንደሚደረብበት የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ከአንተ ሳይሆን እንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ከቆመችው ልጅ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ትዝ ይልሃል? ጆዲ «ራስል፣ ልጆቹ ለስላሳ ይፈልጋሉ» ስትልህ ቀና ሳትል «ውሃ አለላቸው» አልካት። «ኬሲ እኮ ልደቷን እዚህ ነው የምታከብረው» ብትልህ፣ «ውሃ አለላት አልኩ እኮ» አልክ፤ ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ይሄ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የቆነቆነው እያልኩ፣ ካርዴን አውጥቼ ለስላሳ አዘዝኩ። አንተ ካርዷን እንዴት እንዳየሃት ዛሬ ነው የገባኝ። ከምሳ በኋላ ተነስተህ የሄድከው ወደ እንግዳ መቀበያው ነበር።

አርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሮሜል ነበር። ሌላ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነው የሚገባው፤ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ፎጣዎቹን ደረቱ ላይ አቅፏቸዋል።

«እማማ ቨርና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው? ግባ እንጂ።»

«አለቃዬ ትናንት ጠርቶኝ ነበር። ክፍሉ አይጸዳም ተብሎ ተጽፎብኛል። በየቀኑ ሂሳቡ ላይ የሚታሰብልን የቤተሰቡ ቲፕም በሙሉ ተሰርዟል። የጎደለ ነገር ካለ ለእኔ ቢነግሩኝ እኮ አስተካክል ነበር።»

ሰላሳ አንድ ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ፣ ይህንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አንተ ታውቃለህ። የሆነ ስህተት ተፈጥሯል፣ የሌላ ሰው ክፍል ይሆናል አልኩት። ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላስር ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ የቆሙ ባልና ሚስት ቲፓቸውን ሊያሰርዙ፣ ምን ምክንያት እንስጥ እያሉ ይማከራሉ። «ምግቡ ቀዝቃዛ ነበር በይ» ይላታል። «ምግብና ክፍል ምን አገናኛቸው?» ትለዋለች። እኔ እነዚህን የማያፍሩ ሰዎች እያየሁ፣ እግዜር ይመስገን የእኔ ልጅ እንዲህ አይደለም እያልኩ ነበር። ራስል፣ ይህን አሁን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ የጻፍከውን አነበበችልኝ። «ክፍሉ በሚገባ አይጸዳም። እናቴ የሰባ ዓመት ሴት ናት፤ እናቴ ራሷ ነች የምታጸዳው።»

አንድ ጊዜ አስደገምኳት።

አልጋዬን የማነጥፈው እኔ መሆኔ እውነት ነው። እኔ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲሠራልኝ እግሬን አንስቼ መቀመጥ አልችልበትም። ሮሜል በሁለተኛው ቀን ለምኖኝ ነበር። «እማማ፣ እባክዎ አልጋውን አይንኩብኝ። አለቃ ሲያይ እኔ ያልሠራሁ ነው የሚመስለው» አለኝ። እኔ ሳቅሁበት። ያገዝኩት መስሎኝ፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ሳይደርስ አልጋውን አነጥፋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ። ረቡዕ ዕለት አለቃው ሊቆጣጠር ሲገባ፣ ጨርቅ ይዤ የእጅ መታጠቢያውን ስወለውል አገኘኝ። «ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኩት። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። በማግስቱ ያንተ አቤቱታ ሲመጣ፣ ለካ የዓይን ምስክር ሆኜለት ነበር። ይህን አውቀህ ነው የጻፍከው፤ እሁድ ዕለት አልጋ ሳነጥፍ አይተህ «እማዬ እዚህም ሥራ አመጣሽ» ብለህ ስቀህብኛል። ከውሸቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለማገዝ ያደረግሁትን ወስደህ ሰውየውን መታህበት።

ጉርሻውን እዚያው መልሰሽ አስገቢ አልኳት፣ በራሴ የባንክ ካርድ። አራት መቶ ዘጠና ዶላር ነው፤ ገባ። አቤቱታውንም አንሺው ስላት፣ «እማማ፣ ገንዘቡን ማንም ሰው መክፈል ይችላል። አቤቱታውን የሚያነሳው ግን የጻፈው ሰው ብቻ ነው፣ በፊርማው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። መዋኛው ጋ መጥቼ ስነግርህ ጥቁር መነጽርህን እንኳ አላወለቅክም።

«እማዬ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ያሰርዛል፤ ሰልፉን አላየሽም? ምክንያት ጻፍ ይሉሻል፣ የሆነ ነገር ትጽፊያለሽ።»

«ሰውየው ከሥራ ሊወጣ ነው።»

«አይወጣም ባክሽ፣ እንዲያዝኑላቸው የሚሉት ነው። እቤት ስንደርስ እጽፍላቸዋለሁ፤ አሁን ሰው እያየን ነው።»

ሰው እንዳያየን ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ያኔ እጅህን ይዤ ወደ ባንኮኒው መውሰድ ነበረብኝ።

የወረድን ዕለት ለሮሜል ስልሳ ዶላር በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፣ ከዚያ «እማማ፣ እኔን የጎዳኝ ገንዘቡ አይደለም። ወረቀቱ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ልጁ ነርስነት ትማራለች፤ አንድ ዓመት ይቀራታል። የስልክ ቁጥሬን ጻፍኩለት። ልጄ ቃሉን ይጠብቃል አልኩት።

ጉርሻ መስጠት የማይፈልግ ሰው ሰበብ አፈላለጉን አውቀዋለሁ። ገና ምግብ ዝርዝሩን ሲገልጥ ነው የሚታወቀኝ። ሾርባው ውስጥ ፀጉር ያገኛል፣ ቡናው ዘገየ ይላል፣ ፈገግ አላልሽም ይላል። ዝም ብሎ ቢሄድ እኮ ንፉግ ነው ብለን እንረሳዋለን። እሱ ግን ንፉግ መባልን ስለሚፈራ፣ አለቃችንን ጠርቶ እኛን ጥፋተኛ ያደርገናል። ላንተ ጫማ የገዛሁልህ፣ ጥርስህን በሽቦ ያሳሰርኩልህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ትተውልኝ በሚሄዱት ሳንቲም ነው። ከእነዚያ ከማይተዉት አንዱን አሳድጌ ይሆናል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

አሁን ደግሞ አንተ ያልነገርከኝን ልንገርህ። ባለፈው ረቡዕ፣ ስልክህን አላነሳ ስትል መሥሪያ ቤትህ ደወልኩ። «ራስል ብሬነርን ፈልጌ ነበር» አልኩ። አንዲት ልጅ «ራስል እኮ ከኖቬምበር ጀምሮ እዚህ አይሠራም» አለችኝ። «አዎ፣ ረስቼው ነው» ብዬ ዘጋሁት። እናቱ ነኝ ማለት አፈርኩ፤ የልጇን ነገር የማታውቅ እናት።

ኖቬምበር። መርከቡን የከፈልከው ጃንዋሪ ነው። በምን እንደከፈልክ አልጠይቅህም፤ እነዚያን የብድር ካርዶች አውቃቸዋለሁ። ጆዲ ፀጉሯን ለምን ራሷ እንደቆረጠችው፣ ልጅህ ብሬት ለምን የአምናውን ጫማ ተረከዙን ረግጦ እንደሚሄድ አሁን ገባኝ። እኔም አንገቴ ላይ ያንተን ዕዳ አንጠልጥዬ፣ ሁሉም ተከፍሏል ብዬ፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «ልጄ ነው የጋበዘኝ» እያልኩ ቢንጎ እጫወታለሁ። በዚያች ሰማያዊ ካርድ ያወጣሁብህ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ነው። አንተ ያሰረዝከው አራት መቶ ዘጠና። ይህን ለማስላት አልተቸገርኩም። ከሮሜል አፍ የነጠቅከው እኔ ያዘዝኩትንና ፎቶ የተነሳሁበትን ለመሸፈን ነው። ፎቶዎቹን እስካሁን ከፖስታቸው አላወጣኋቸውም።

ግን አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት? «እማዬ፣ ሥራ ለቅቄያለሁ፤ ዘንድሮ አልችልም» ብትለኝ እዚሁ ኩሽናዬ ውስጥ ኬክ ጋግሬ ሰባ ዓመቴን አከብር ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ለእኔ ገንዘብ የለኝም ከማለት፣ ለማታውቃት ልጅ ሠራተኛው ሰነፍ ነው ማለት ቀለለህ። ይኸው ነው ያበገነኝ። ድህነት እኔ ፊት የሚያሳፍርህ ከመቼ ወዲህ ነው? አብረን አይደል እንዴ የኖርንበት?

ስለ ሥራህ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእህትህም ቢሆን። ጋራዡ ላይ ያለው ክፍል ባዶውን ነው፤ ማሞቂያውን አስጠግኜዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አራታችሁም መምጣት ትችላላችሁ። ለዚህ አሁን መልስ አትስጠኝ፤ ተናድጄ ነው ያለሁት፣ የሰጠሁህን መልሼ እነጥቅህ ይሆናል።

እዚህ ውስጥ አንድ የተጻፈ ወረቀትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ታገኛለህ። አቤቱታው ሐሰት ነው፣ ክፍሉ በየቀኑ በሚገባ ይጸዳ ነበር፣ እናቴ አልጋ የምታነጥፈው በልማዷ ነው ይላል። የመርከብ ድርጅቱን አድራሻ ጽፌበታለሁ። አንተ ከታች ፈርመህ እዚያው ሰፈር ፖስታ ቤት መጣል ብቻ ነው። ነገ ብትጥለው ከአፕሪል ስድስት በፊት ይደርሳል።

ፊርማህን እኔም መፈረም እችላለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ፊርማህ ያለበትን የድሮ የትምህርት ቤት ወረቀትህን አውጥቼ ከፊቴ አስቀመጥኩ፤ በሦስተኛው ሙከራዬ ቁርጥ ያንተን መሰለ። ማንም ባልለየው ነበር። ፖስታውን አሽጌ በር ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ተመልሼ ቀደድኩት። ሮሜል ሥራውን ያገኝ ነበር፤ እኔ ግን ልጄ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እስክሞት ሳላውቅ እቀር ነበር።

እግዚአብሔር እጅህን ያበርታልህ፣ ደጃፍህን ይክፈትልህ። ጆዲን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። እንደምን ሰንብተሃል፣ ልጄ።

እናትህ፣
ቨርና