ለአንተ የተቀዳው ቢራ

ውድ አባዬ፣

አፈሩ ይቅለልህና፣ ሳላስፈቅድህ ቪየና ደርሼ መጣሁ። አዎ፣ ቪየና! እዚያው መቃብርህ ውስጥ ፊትህን ስታዞርብኝ ይታየኛል። ምን ላድርግ? የሙታን ቀን እየደረሰ ነው። ሻማ የምናበራልህ ሁለት ልጆችህ ነን፤ አንዱ ግን ቀብርህ ላይ እንኳ አልቆመም። ብቻዬን ማብራቱ ከበደኝ። ስለዚህ ወንድሜን አኮሽን ለምኜ ላመጣው ተነሣሁ።

የታሪክ አስተማሪ ልጅ መሆን አበሳ ነው። ሌላው ሰው በባቡር መስኮት ከተማ ያያል፣ እኔ ቂም አያለሁ። መንገዴን ጠምዝዤ ፖዦኒ ወረድኩ፤ የዛሬ ባለቤቶቿ ስሎቫኮች ብራቲስላቫ ይሏታል። "የሀንጋሪ ነገሥታት ዘውድ የደፉባት፣ የነጠቁን ከተማ" ስትል ድምፅህ ይሰበር ነበር። ዘውድ በተደፋበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዲት ሴትዮ ከትንሽ ልጇ ጋር ማርመላታ የተቀባ ዳቦ ትበላለች። ልጅቷ ካፖርቷ ላይ አንጠባጠበች፤ እናቷ በስሎቫክኛ ተቆጣቻት፤ ወዲያው ሁለቱም ሳቁ። ልናደድ ፈልጌ ነበር፣ አባዬ። አልሆነልኝም። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው።

ቪየና ጣቢያ አኮሽ ቆሞ ጠበቀኝ። ሸብቷል። አካሄዱ ቁርጥ አንተን! ቢራ ቤት ወሰደኝና ገና ሳልቀመጥ፣

"ለመቃብሩ ከሆነ የመጣሽው፣ አትልፊ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ልምጣ? ለኬካችሁ?"

"ሊዝልን ምን እንዳደረጋት ረሳሽው?"

እንዴት እረሳለሁ! የአኮሽ አዲስ ሙሽራ፣ የቪየና ልጅ፣ የኛን ወግ ማን ነግሯት? ምሳ ላይ ፈገግ ብላ የቢራ ብርጭቆዋን ካንተ ብርጭቆ ጋር አጋጨች። እኛ ሀንጋሪዎች ደግሞ ቢራ አናጋጭም። አብዮታችን የከሸፈ ጊዜ የኦስትሪያ መኮንኖች ጄኔራሎቻችንን ሰቅለው ቢራ እያጋጩ ጨፈሩ ይባላል፤ አያቶቻችንም መቶ ሃምሳ ዓመት ላናጋጭ ማሉ። አንተ "በገዛ ቤቴ!" ብለህ ከማዕድ ተነሥተህ ወጣህ። እሷ ምን እንዳጠፋች እንኳ አልገባትም፣ ምስኪን። አኮሽ እጇን ይዞ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

"መሐላው እኮ ዓመቱ ሞልቷል" አልኩት። "የሞላ ቀን አባዬ ቢራ ገዝቶ፣ ትመጣ እንደሆነ ብሎ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዋለ።"

"ለምን አልደወለልኝም?"

"አንተስ?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"የሁለታችሁ ግትርነት እኔን ጨረሰኝ!" ብዬ ሰው ፊት አለቀስኩ። ምንም አላፈርኩም። ስንት ዓመት ገናን ከአንድ ወገን ጋር ብቻ አሳለፍኩ?

አስተናጋጁ ሁለት ቢራ ይዞ መጣ። አኮሽ ትንሽ አሰበና "አንድ ጨምርልን" አለው። ሦስተኛውን ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠው። ከዚያ የራሱን አነሣ፤ እኔም አነሣሁ። አንዳችንም ወደ ሌላው አላስጠጋንም። ዕድሜውን ከቪየና ሰዎች ጋር ሲጠጣ የኖረ ሰው፣ እጁ አየር ላይ ቀረ!

"ዛሬም አላጋጭም" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። "ሊዝል ትስቅብኛለች። እጄ እምቢ ይለኛል።"

አየህ አባዬ? ልጅህ ነው። አንድም ቀን ልጅህ መሆኑ አልቀረም።

ከዚያ ቀና ብሎ ብርጭቆውን ወዳንተ ዘረጋና ቀስ አድርጎ አጋጨው። "በቃ አባዬ፣ አለቀ" አለ። መልስ የሚጠብቅ ይመስል ብርጭቆህን እያየ ቆየ። የቢራህ አረፋ እስኪጠፋ አጠገብህ ተቀመጥን።

በሙታን ቀን እንመጣለን፤ እኔ፣ አኮሽ፣ ሊዝልም ጭምር። ሻማዋን ገዝታ ጨርሳለች። ብትወድም ባትወድም ከፊትህ ትቆማለች፤ እንግዲህ ተነሥተህ መውጣት አትችልም።

አንጀቷን የበላሃት ልጅህ፣
ፒሮሽካ