የጨው ቤቱ ግድግዳ

አንኮበር፣ በታኅሣሥ ወር ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት

ውድ እናናየሁ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ብርዱ ጣቶቼን እያደነዘዘ ቀለም መቀቢያዬን ከእጄ ከማስጣሉ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ አባ ኪዳነ ማርያም እንዲያነቡልሽ አደራ ብዬ ወደ እንጦጦ ለሚወጡ ነጋዴዎች ሰጥቻለሁ። አባ ሲያነቡ እንደ ቅዳሴ ያዜሙታልና ታግሠሽ ስሚያቸው። የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ። እሱን ግን ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ። አንቺ ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ የተመለሰ ነገር ነው፤ በወረቀትም ቶሎ አልወጣ ብሎኛል።

ቤተ መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እንጦጦ ከወጣ በኋላ ገበያችን ምን ይመስል እንደነበር አትረሺውም። የአህያው ፋንድያ፣ የታረደ በግ ሆድ ዕቃ፣ የበሰበሰ ጌሾ፣ ሁሉንም ክረምቱ አቡክቶት ሰው እግሩን ነቅሎ መራመድ ያቅተው ነበር። መስቀል እንዳለፈ የገበያው ሹም ወልደአረጋይ፣ «ይህ የጅብ መዋያ ሆኗል፤ ከኅዳር ጀምሮ ገበያው ወደ ጎረቤላ ይዛወራል» ብሎ አስነገረ። ለባለ በቅሎ ምንም አይደለም። ከቆላ ሸክም በጀርባዋ አዝላ ያን ዳገት የምትወጣ ሴት ግን እዚህ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል፤ ከዚህ በላይ መንገድ ጨምሪ ማለት ቤትሽ ተቀመጪ ማለት ነው። ሴቶቹ አለቀሱ። አንቺ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅቤሽን ለሰው አስጠብቀሽ፣ ነጠላሽን አደግድገሽ፣ መጥረጊያና ዶማ ይዘሽ መጣሽ።

የራስሽን መቀመጫ ጠርገሽ ስትጨርሺ የጎረቤትሽን ጀመርሽ። ጌሾ ሻጯ በሰለች አፍራ ተነሣችና የራሷን ያዘች። ከዚያ ማዶዋ ያለችው ተነሣች። ወንዶቹ ትንሽ ቆመው ሲያዩ ቆዩ፤ በኋላ ማየቱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ቦይ መቅደድ ጀመሩ። ፋንድያውን ገበሬዎቹ ለማሳቸው ወሰዱት። አንዱን ሳትሳደቢ፣ አንዱን ሳታባብዪ ያን ሁሉ ሰው ስታንቀሳቅሺ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆኜ አይ ነበር። ሹም እንኳ በጅራፍ ያልቻለውን ነገር አንቺ ጎንበስ በማለት ብቻ አደረግሽው።

የቀረው ያ ረጅሙ የጨው ቤት ግድግዳ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ የሚሸናበት! ሴቶቹ በእበት ለቅልቀው ነጭ አፈር ቀቡት፤ አንቺን ግን አልበቃሽም። ደጄ መጥተሽ፣ «አለቃ፣ ይህን ግድግዳ ይሣሉልን» አልሽኝ።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ። ቅዱሳንን በአህያ መቆሚያ ልሣል?»

«ቅዱሳንን ማን አነሣ? እኛን ይሣሉን እንጂ! ነጭ ብቻ ከሆነ ነገ ተመልሰው ይሸኑበታል። ሰው ግን የገዛ ፊቱ ላይ አይሸናም።»

ቀለሜን ይዤ ወረድኩ።

ሙያዬ ሕግ እንዳለው ታውቂያለሽ። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ኃጥእና ጋኔን በጎን ይሣላሉ፤ አንዳንድ ዓይን ብቻ ይደርሳቸዋል። ፊደል ያልቆጠረውም ሁሉ ይህን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተምሮታል። እኔ ሞኙ ረስቼው ሥጋ ሻጩን ታመነን በሬው ላይ ጎንበስ እንዳለ በጎን ሣልኩት። ቢላውን እንደያዘ መጣ! «ከበሬ በቀር ማንን ገደልኩ?» እያለ ጮኸ። ፍቄ ፊቱን ወደ ሰው አዞርኩት። አሁን በሬውን ሳያይ ያርዳል፤ እሱ ግን ደስ ብሎታል። ባለ አህያው ይሁኔ ደግሞ ለአህያዬም ሁለተኛ ዓይን ካልተጨመረ ብሎ ድርቅ አለ። የአልዩ አምባው ጨው ነጋዴ ኑሩ ብቻ፣ «አለቃ፣ ሰው መሣል በእኛ ዘንድ ሐራም ነውና እኔን ይተዉኝ። ክዳኑን ግን ኢንሻአላህ እኔ አስረዝመዋለሁ፤ ዝናብ እንዳያጥበው» ብሎ ሣር አስጭኖ መጣ።

መጨረሻ የቀረሽው አንቺ ነበርሽ። ፈንጣጣ በልጅነትሽ የግራ ዓይንሽን ወስዶታል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ልሰጥሽ ቆርጬ ነበር። ደግነት መስሎኝ ነው። ንድፉን ስታዪ ፊትሽ ጠቆረ።

«ይህች ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«አይደለሁም። ቅቤዬን የሚገዛ ሰው ይህችን ሴት አያውቃትም።»

«ታዲያ በጎን ልሣልሽና ኃጥእ ላድርግሽ?»

«ፊት ለፊት ይሣሉኝ። የጠፋውን እንደጠፋ ይተዉት።»

ከአባቴ የተማርኩት ሙያ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ፊት ለፊት የሚያይ ባለ አንድ ዓይን ሰው በዕድሜዬ ሥዬ አላውቅም፤ ሲሣልም አላየሁም። ያን የተከደነ ዓይን ስሥል ነው እስከዚያ ቀን ድረስ ፊትሽን በወጉ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝ። ቆንጆ ነሽ። ይኸው ጻፍኩት፤ አባም አነበቡት።

ወልደአረጋይ ሎሌዎቹን አስከትሎ የመጣ ዕለትማ! መሬቱን አየ፣ ቦዩን አየ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተና፣ «የእኔ ሥዕል የታለ?» አለ። አንቺ ከቅቤሽ ተነሣሽ።

«ቦታዎ ይኸው ክፍት ነው ጌታዬ። አንድ ዓይን ይሁን ሁለት፣ አለቃ ገና አልቆረጡም። ገበያውን ይነቅሉብናል ወይስ ይተዉልናል? እሱን ሲነግሩን ይሣላሉ።»

እኔ እግር ብረቱ በዓይኔ ላይ ዞረብኝ። እሱ በከዘራው ወደ ሥዕልሽ እያመለከተ፣ «አንቺ ራስሽ በአንድ ዓይን ተሥለሽ የለም እንዴ? ኃጥእ ነኝ ማለትሽ ነው?» አለሽ።

«አንድ ዓይን ኃጥእ አያደርግም ጌታዬ። ኃጥእ ፊቱን የሚያዞረው ነው። እኔ ፊቴን አላዞርኩም።»

አንዲት አሮጊት ከኋላ እልል አለች። እሱም ሳቁ አመለጠው። «ገበያው ከዚሁ አይነቃነቅም። አንተ ሠዓሊ፣ ሁለቱንም አሳምረህ አድርግልኝ» ብሎ ሄደ። ሁለት ሰጥቼዋለሁ፤ ጢሙንም ካለው በላይ አበዛሁለት። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ማልቀስ አማረኝ፤ እንዳንቺ ያለ ሰው በመኖሩ ብቻ።

በሳምንቱ እህትሽ መነን ታማለች ተብሎ ተላከብሽና ወደ እንጦጦ ሄድሽ። በቅሎዋን ስትጫኚ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ልናገር፣ ልናገር ብዬ፣ «መንገዱ ጭቃ ነው፤ ተጠንቀቂ» አልኩሽ። እህትሽ መዳኗን ሰምቼ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ቅቤሽ እዚያም ገዢ ማግኘቱን ሰማሁ። ደስ አለኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላለኝም።

እንግዲህ ያ ጥያቄ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ብቻዬን እንደምኖር ታውቂያለሽ። አንቺም ብቻሽን ነሽ። እንድታገቢኝ እለምንሻለሁ። አባት እናትሽ በሕይወት የሉምና ሽማግሌ የምልከው ወደ ራስሽ ነው። ሽማግሌ ልፈልግ ገበያ ብወርድ ሁሉም እኔ ነኝ አለ። ታመነ ይመጣል፤ ኑሩም በቅሎ አውሳለሁ ብሎ ራሱን ጨመረ። በሰለችን፣ «ሴት ሽማግሌ ታይቶ ያውቃል?» ብላት፣ «አሁን ይታያል» አለችኝ። ከጥምቀት ማግስት በደብረ ብርሃን በኩል ይነሣሉ። እኔ ባልልካቸውም የሚመጡ ይመስለኛል፤ ናፍቀውሻል።

እምቢ ካልሽ አብልተሽ መልሻቸው፤ ቅር አልሰኝም አልልም፣ ግን እችለዋለሁ። ገበያው እንደሆነ ያላንቺም በየቅዳሜው ይጠረጋል። እሺ ካልሽ ግን ልብ በይ፤ አርጅቻለሁ፣ ልብሴ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ ቤቴም ዓመቱን ሙሉ መጥረጊያ አላየም። አንቺ እንድትጠርጊው አይደለም የምጠራሽ። ዛሬ ጠዋት እኔው ጀምሬዋለሁ፤ ከበሩ ተነሥቼ እስከ ምድጃው ደርሻለሁ።

እሺ ብትዪው የሚወድሽ፣ እምቢ ብትዪውም የሚያከብርሽ፣
ገብረአማኑኤል