የእኔ ስም በአንቺ ቦታ

ውድ ሸዋረገጥ፣

ነገ አርባሽ ነው። ከነገ በፊት ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ሲጸለይ የተጠራው ስም ያንቺ አልነበረም።

በቀብርሽ ዕለት አባ ለይኩን መዝገባቸውን ይዘው መጡና የክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ። ኢየሩሳሌም፣ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ከእኔ ሌላ ማንን ይጠይቁ? የጫማሽን ቁጥር አውቃለሁ፤ ሻይ በስንት ስኳር እንደምትጠጪ አውቃለሁ። ስምሽን ግን አላውቀውም። ስንቴ ነግረሽኛል! በስሜ ጸልዪልኝ ባልሽኝ ቁጥር ስልኬን እያየሁ "ቤሴደር"፣ እሺ፣ እልሽ ነበር። ከዕብራይስጥ እንደዚህች ቃል አጥብቄ የያዝኩት የለም፤ ለአሠሪዬም ቤሴደር፣ ለእግዚአብሔርም ቤሴደር። ሰው ከቦ ሲያየኝ አፈርኩና አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ወለተ ሰንበት አልኩ። የራሴን ስም።

ነገ አስተካክላለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ነገን ወለደ።

ልማዴን ታውቂያለሽ። ከባቡር ወርጄ የኪዳነ ምሕረትን በር እስምና ታልፒዮት ወደምሠራበት መጋዘን እሮጣለሁ። አንቺ ስትገቢ እኔ ከበሩ እመለሳለሁ። አንድ ቀን፣ እኔ ደጁን መሳም ይበቃኛል ብዬ ስቀልድብሽ፣ "ደጅ ስሞ የሚመለስ እንግዳ ነው፤ የቤት ሰው ይገባል" አልሽኝ። ስቄ አለፍኩ።

በተቀበርሽ በሦስተኛው ቀን ከንፈሬ ገና በሩን ሲነካ፣ ከወዲያ በኩል ወለተ ሰንበት ሲባል ሰማሁ። ቀስ ያለ የሴት ድምፅ ነው። ጧት ጧት አልጋሽ ጫፍ ላይ ተንበርክከሽ ለእኔ ስትጸልዪ እንደምትጠሪኝ አድርጎ ነው የጠራኝ። በማግስቱም ጠራኝ። በሌላው ቀን በሩን ሳልስም በማዶ በኩል አለፍኩ፤ እዚያም ተሰማኝ። ፈራሁ ሸዋረገጥ። መንገድ ቀይሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን የኢትዮጵያን ጎዳና እንዳላይ ሁለት አውቶቡስ እሳፈር ነበር።

ዛሬ ግን አርባሽ ደረሰና አላስቻለኝም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ለአባ ለይኩን ሁሉንም ነገርኳቸው። መዝገባቸውን ገልጠው ስሜን በጣታቸው ፈለጉ።

"በቁምሽ ፍትሐት ስንፈታሽ ከረምን ማለት ነው" አሉ በመጨረሻ።

ስለ ድምፁም ነገርኳቸው። መዝገቡን ዘጉና አዩኝ።

"ስሙን የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ከመጋረጃው ውስጥ። ከሴት ወገን የሚጠራ የለም።"

ከዚያ ያንቺን ስም ፈልጌ እስከ ነገ እንዳመጣ አዘዙኝ። ከየት አመጣለሁ? ዘመድ የለሽ፣ ወረቀትሽ ላይ ያለው የዓለም ስምሽ ነው። ዕቃሽን ሁሉ አገላበጥኩ። ኋላ ሆስፒታል ልትገቢ ስትይ የሰጠሽኝ ውዳሴ ማርያም ትዝ አለኝ። አንብቢው ነበር ያልሽኝ። እኔ ትራሴ ሥር አደረግኩት፤ ተኝቼበት ይጠብቀኛል ብዬ።

አሁን አመሻሽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጥኩት። ገና የፊተኛው ገጽ ላይ በእጅሽ ጽፈሻል፦ "የአስካለ ማርያም መጽሐፍ።" ከሥሩ ደግሞ፣ "ከእኔ በኋላ የወለተ ሰንበት።" ይህን ሁሉ ቀን ራሴን ስምሽ ላይ አስደግፌ ስተኛ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ለአባ ደወልኩላቸው። ስምሽን ጻፉና፣ የእኔን ከሙታኑ መካከል ይሰርዙት እንደሆነ ጠየቁኝ። ቤሴደር ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ይቆይ አባ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ነገ እንደ ቤት ሰው ልግባ።"

ነገ ሥራ እንደማልገባ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። በሩን ሳምኩ ብዬም አልመለስም። ከበሩ ወዲያ ሆነሽ የምትጠሪኝ አንቺ ከሆንሽ፣ ነገ ዝም በይና ስሚ። ነገ የምጠራሽ እኔ ነኝ።

ገና ያልተሰረዘችው
ወለተ ሰንበት