የእህቴ አረማመድ

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽን በደፈናው ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንደምትገላገይኝ ስለማውቅ፣ ዛሬ ክፍል በክፍል ነው የምጠይቅሽ። ትከሻሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ግራ ጉልበትሽስ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። የአጥንትና የጡንቻ ስም ስሸመድድ ጸጉሬ ሊረግፍ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። በስልክ ብነግርሽ ስለምታቋርጪኝ ነው የጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ጉልበቴን አመመኝ ስትዪኝ፣ ገና የሁለተኛ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ መሆኔን ረስቼ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ሥዕል ሥዬ ላክሁልሽ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ አሸዋ የሞላ ከረጢት ቁርጭምጭሚትሽ ላይ አስረሽ፣ እግርሽን ሠላሳ ጊዜ ዘርጊ አልኩሽ። አንቺም እሺ ብለሽ ሦስት ወር ሙሉ ሠራሽው፤ ተሽሎኛል ብለሽም ጻፍሽልኝ። እማዬ ግን የቤታችን ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ እያረፍሽ እንደምትወጪ ነገረችኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

ስህተቴን ያወቅሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። የአረማመድ ትምህርት አለን። እያንዳንዳችን በደንብ የምናውቀውን ሰው አካሄድ ሄደን እናሳያለን፤ የቀሩት ደግሞ የትኛው ጡንቻ እንደደከመ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደታመመ ይገምታሉ። እኔ ያንቺን ሄድኩ። ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ከኋላ ከኋላሽ እያልኩ አይደል ያደግሁት። በግራ እግርሽ ስትረግጪ ደረትሽ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፣ ከዚያ ቶሎ ብለሽ ቀኙን ታስከትያለሽ። ልጆቹ ጉልበት ነው አሉ። በኩራት ልክ ናችሁ ልል ስል መምህራችን ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ካላየኋት እርግጠኛ አልሆንም፣ ግን የታመመው ዳሌዋ ይመስለኛል አሉ። ለካ የዳሌ መገጣጠሚያ ሲጎዳ ሕመሙ አንዳንዴ ወርዶ ጉልበት ላይ ይሰማል። ሰውነት ወደታመመው ወገን የሚያዘነብለውም የዳሌውን ሸክም ለማቅለል ነው።

ከዚያ በልጅነቷ ወድቃ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ በእኛ ቤት የወደቅሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታወራትን ወሬም ጨመርኩላቸው፤ በዓመቴ ከላይኛው ፎቅ እስከ ታች በደረጃ ተንከባልዬ፣ አንዲት ጭረት ሳትነካኝ መነሳቴን። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን አልሳቁም። ማን ታቅፎህ ነበር አሉኝ።

እትዬ፣ ያቀፍሽኝ አንቺ ነበርሽ። በዚያ ወሬ ውስጥ ስለአንቺ ያለው፣ ልጁን ጣልሽው ተብለሽ መገረፍሽ ብቻ ነው። ከዚያ አኩርፈሽ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልነሳም እንዳልሽም እማዬ እየሳቀች ነው የምትነግረን። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።

ምንም አልጠይቅሽም። ለእማዬም አልነገርኳትም። ማድረግ ያለብሽን ብቻ ልንገርሽ። ከረጢቱን ፍቺና አሸዋውን ድፊው። ሥራ ቦታ ልብስ ስትተኩሺ ቀኑን ሙሉ አትቁሚ፤ ከፍ ያለ ወንበር ፈልጊ። መምህራችን ራሳቸው ሊያዩሽ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጥረውሻል። መገጣጠሚያው ጨርሶ ሳያልቅ ከደረስንበት ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ፤ ከዘገየን ግን ያለ ክራንች መራመድ እንደሚከብድሽ ነግረውኛል። እኔ ይሄን ማየት አልችልም። ሥራ አለብኝ ልትዪኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለአሠሪሽ ደውዬ ፈቃድ ጠይቄልሻለሁ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ ግን አትቅሪ።

ሰኞ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የታመመው። አንቺ መደገፊያውን ያዢ። እኔ ከፊትሽ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ፣ ፊቴን ወደ አንቺ አዙሬ፣ የኋሊት እወርዳለሁ። አትፍሪ፤ ብትወድቂም እኔ ላይ ነው።

እስከዚያ እግርሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜና ጤና አይንሳሽ።

ያልጣልሽው ወንድምሽ